የጋሽ ዘለቀ ድምፅ ያለበት ዲስክ

ጥፋቱ አሥራ አምስት ሰከንድ አልፈጀም። ፍርሃቱ ግን ከሐሙስ ጠዋት እስከ ዓርብ ከሰዓት ድረስ ሳይለየኝ ቆየ። ጊዜው አልፏል፤ ሰው "እስኪ ያቺን ነገር ንገሪን" ባለኝ ቁጥር ግን ዛሬም መዳፌን ያልበኛል።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ሥር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ነበረችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ አሰናዳለሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አትማለሁ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። "የልብስ ሰፊው ልጅ" መባሌ ቀርቶ "ዘሀራ ኮምፒውተር" የተባልኩት በዚያች ቤት ነው።

ኮፒ ቤት የሠራ ሰው የሚያውቀው አበሳ አለ። ደንበኛ ሁሉ በፍላሹ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። የአንዱን ተማሪ ጽሑፍ ከፍቼ ስጨርስ የአሥሩ ሰው ፋይል ተበላሽቶ ይጠብቀኛል። በዚህ ስማረር ነው ብርሃኑ የሚባል፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ፣ "ለምን ሊኑክስ አልጭንልሽም?" ያለኝ። ጫነልኝ፤ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሌላ ነጻ ሥርዓት ነው፣ የደንበኛው ሁሉ ቫይረስ አይዘውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በቫይረስ ምክንያት ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ያቺ ለመጣል አንድ ሐሙስ የቀራት ማሽኔም ነፍስ ዘራች። ቀስ በቀስ ያንን ተርሚናል የሚሉትን፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ጥቁር መስኮት ለመድኩ። ደንበኛ ከኋላዬ ቆሞ እያየኝ ትእዛዙን በቃሌ ጽፌ ኢንተር ስመታ ደስ ይለኝ ነበር። በቃሌ መሆኑ ነው ደስ የሚለኝ። ወረቀት ማየት፣ ማጣራት፣ የጀማሪ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ዘለቀን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ጥሩምባቸውን ነፍተው የሟቹን ስምና የቀብሩን ቦታ የሚለፍፉት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ወፍራም ሆኖ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሻከር ይላል፤ ከላይኛው አስፋልት ተናግረው ከታች ወንዙ ዳር ይሰማል። በአዘቦት ቀን ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ቡና ቤት ከተቀመጡ አጠገባቸው ያለው ሰው ማኪያቶውን ሳይጠጣ ያቀዘቅዘዋል።

የታመመው ያ ድምፅ ነው። ሐኪሞቹ ካንሰር ነው አሉ። ማንቁርታቸው በቀዶ ጥገና ካልወጣ አይድኑም፤ ከወጣ ደግሞ ዳግመኛ አይናገሩም። ለቀዶ ጥገናው ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ልጃቸው ሰናይት ሱቄ መጣች። እኩያዬ ናት፣ አብረን ነው ያደግነው።

"ዘሀራዬ፣ ድምፁን ቅጂልኝ" አለች። "ከዚያ በኋላ ድምፁን የማገኘው የት ነው?"

ለአራት ቀን ከሰዓት ከሰዓት በሩን ዘግቼ፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ቀዳሁላቸው። በመጀመሪያው ቀን ጥሩምባቸውን ይዘው መጥተው የእድሩን ጥሪ ለፈፉ። በሁለተኛው ልጅነታቸውን አወሩ። በሦስተኛው ለልጆቻቸው በየስማቸው መልእክት ተናገሩ። አራተኛው ቀን የሰናይት ነበር። ታጭታለች፤ ሠርጉ ግን ከቀዶ ጥገናው ሦስት ወር በኋላ ነው።

"እዚያ ቆሜ አፌን እንደ ዓሣ ከምከፍት ይኼ ይናገርልኝ" አሉ ጋሽ ዘለቀ፣ በጣታቸው ማይክሮፎኑን መታ መታ እያደረጉ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ምርቃታቸውን ጀመሩ።

ሰናይት የውጭ ሃርድ ዲስክ ገዝታ አመጣች። የኔ ኮምፒውተር ቦታው ሞልቶ ስለነበር አራቱን ፋይሎች እዚያ ላይ አዛወርኳቸው። አዛወርኳቸው ነው የምላችሁ፤ የኔ ጋ ቅጂ አላስቀረሁም። "ቤታችን ጠባብ ነው፣ ይጠፋል፣ አንቺ ጋ ይቀመጥ" አለችኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ እገለብጠዋለሁ አልኩ። ነገ። በሚቀጥለው ሳምንት። ሦስት ወር ሆነ።

ሠርጉ እሁድ ነበር። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ዲስኩን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰካሁት፤ ምርቃቱን ለሠርጉ ሙዚቃ አጫዋች በፍላሽ ልሰጠው። ፎልደሩን ከፈትኩ። አራቱም ፋይሎች አሉ። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ላፕቶፕዋ ላይ ሊኑክስ ልጭንላት ቃል የገባሁላት መምህርት ናት።

"ዘሀራ፣ ከክፍል ወጥቻለሁ፣ ልምጣ?"

"ነይ ነይ፣ መጫኛው እስክትደርሺ ይደርሳል።"

መጫኛውን ገና አላዘጋጀሁም። ባዶ ፍላሽ አንስቼ ከዲስኩ ጎን ሰካሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። የሊኑክስን መጫኛ እንዳለ ፍላሽ ላይ የሚያፈስ dd የሚባል ትእዛዝ አለ። ይህ ትእዛዝ "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ አይጠይቅም። ጻፍ የተባለበት ቦታ ላይ ይጽፋል፤ እዚያ ምን እንደነበረ ግድ የለውም። ቦታው የሚነገረው ደግሞ በአጭር ስም ነው። የኮምፒውተሬ የውስጥ ዲስክ sda ይባላል። ከውጭ ቀድሞ የተሰካው sdb ይሆናል፤ ቀጥሎ የተሰካው sdc። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ፍላሽ ብቻ እየሰካሁ ስለኖርኩ ለእኔ ፍላሽ ማለት sdb ነበር። በዚያ ጠዋት ግን ቀድሞ የተሰካው የጋሽ ዘለቀ ዲስክ ነው።

ትእዛዙን በቃሌ ጻፍኩ። ፓስወርዴን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ኢንተር መታሁ።

ዓይኔ ፍላሹ ላይ ነው። ሲጻፍበት ትንሿ መብራቱ ብልጭ ድርግም ትላለች። አላለችም። እስኪጀምር ነው ብዬ ጠበቅኩ። ደግሜ አየሁ፤ ጨለማ ነው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ቀጭን ጉርምርምታ ሰማሁ። ዲስኩ ነው። የዲስኩ መብራት እንደ እብድ ይብለጨለጫል።

ስክሪኑን አየሁ። sdb ይላል።

ገመዱን እንዴት እንደነቀልኩት አላውቅም። ወንበሬ ከኋላዬ ወደቀ። ዲስኩ እጄ ውስጥ ትንሽ ተሽከርክሮ ዝም አለ። ምናልባት ትንሽ ነው፣ ምናልባት ምንም አልነካም እያልኩ መልሼ ሰካሁት። "ጋሽ ዘለቀ" የሚል ፎልደር የለም። በምትኩ የሊኑክስ መጫኛው ፎልደሮች ተደርድረዋል፤ ያ ዲስክ ሌላ ነገር ይዞ የማያውቅ ይመስል።

መሬት ላይ፣ ኮፒ ማሽኑ ሥር ተቀመጥኩ። በጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውዬው አይናገሩም። እንደገና ልቅዳዎት ማለት አልችልም። በምድር ላይ ያ ድምፅ ያለው እዚህ እጄ ላይ ብቻ ነበር።

ብርሃኑ ጋ ደወልኩ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ እሱ ያለኝን ግን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

"አሁን ተሰክቷል?"

"አዎ።"

"ንቀይው። አሁን። ነቀልሽ?"

"ነቀልኩት።"

"መልሰሽ አትሰኪው። ኢንተርኔት ላይ ገብተሽ አንድም ነገር እንዳትሞክሪ። ማንም ይህን ጫኝ ቢልሽ እንዳትሰሚ። ይዘሽ ነይ።"

ዲስኩን በሻርፔ ጠቅልዬ ሱቁን ዘጋሁ። ለመምህርቷ "ዛሬ አይመቸኝም" የሚል መልእክት ላክሁ። ስድስት ኪሎ የሚወጣ ታክሲ ውስጥ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ልቤ አብሮ ይዘላል። ጎኔ የተቀመጠች ሴት "ምን ሆነሻል እህቴ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?" አለችኝ። ሻርፑን ይበልጥ ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

የብርሃኑ የጥገና ቤት ከአንድ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። የተገነጠሉ ላፕቶፖች መሃል ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ሁሌ ቀልደኛ ነው፤ ያን ቀን አልቀለደም። ያ ይበልጥ አስፈራኝ።

"ከነቀልሽው በኋላ ስንት ጊዜ ሰካሽው?"

"አንዴ።"

"ፎርማት ላድርግ፣ ሁሉንም ላጽዳ ብሎ ጠይቆሽ እሺ ብለሻል?"

"ኧረ አላልኩም!"

"ምንም ነገር አልገለበጥሽበትም?"

"ምንም።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ ብሬ።"

ዲስኩን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። "አቦ ዘሀራ" አለ ቀስ ብሎ። "ሌላ ቅጂ የለም ነው የምትይኝ?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ከዚያ አንድ ዳጎስ ያለ ደብተር ከጠረጴዛው አንስቶ ከፊት ያሉትን ገጾች በጣቱ ያዘ።

"ያደረግሽው ይህን ነው። የፊተኞቹን ገጾች ቀደሽ የሌላ ደብተር ገጽ ለጥፈሻል። የኋለኛው እንዳለ ነው። ችግሩ፣ ምኑ የት ገጽ ላይ እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለ። ማውጫው ከተቀደደው ጋር ከሄደ የተበጣጠሰ ነገር ነው የምናገኘው። ካልሄደ ተስፋ አለ።"

"የቱ ጋ ነው ማውጫው?"

"አላውቅም። አሁን ደግሞ አላይም።"

"ለምን?"

"መጀመሪያ ሙሉውን እንዳለ ሌላ ዲስክ ላይ እገለብጠዋለሁ። የምነካካው ግልባጩን ነው። ብሳሳት ግልባጩ ላይ ልሳሳት። ያንቺ ዲስክ ላይ አንዲት ነገር አልጽፍም፤ የተገኘውንም እሱ ላይ አናስቀምጥም።"

አምስት መቶ ጊጋ ነው፤ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል አለኝ። እዚያው ልቀመጥ ብለው አባረረኝ። "እዚህ ቁጭ ብለሽ ስትንቀጠቀጪ እኔም እጄ ይንቀጠቀጣል። ሂጂ፣ እደውላለሁ።"

ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲል የመስታወቱ በር ተንኳኳ። ቀና ብል ጋሽ ዘለቀ ናቸው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከስተዋል። አንገታቸው ላይ ያለውን ቀዳዳ በነጭ ስካርፍ ይሸፍናሉ። በኪሳቸው ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይይዛሉ። ራሴን በእጃቸው ዳበሱኝ፤ ተቀመጡ፤ ጻፉ፤ ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት።

"ዛሬ ልስማው ብዬ መጣሁ። እስካሁን አልደፈርኩም ነበር።"

ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አሰሚኝ ብለው አያውቁም። ለምን ዛሬ?

"ጋሼ" አልኩ፣ "መብራት የለም እኮ።"

ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። ፊት ለፊት ያለው የጫማ ሻጩ አምፖል በርቷል። እኔም አየሁት። ጋሽ ዘለቀ ወደ እኔ ተመለሱና ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ "ነገ እመጣለሁ" ብለው ጽፈው፣ ትከሻዬን ነካ አድርገው ወጡ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ መብራት የእውነት ጠፋ። የፒያሳ ግማሹ ጨለመ። ወዲያው ብርሃኑ ደወለ።

"እኛም ጋ ሄዷል። ግማሹን አልፌ ነበር።"

"አበቃ በለኝ! ተበላሸ?"

"አልተበላሸም፣ ተረጋጊ። የምጠቀምበት ፕሮግራም የት እንደደረሰ ማስታወሻ እየጻፈ ነው የሚሄደው። መብራት ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"እሱን እኔን ትጠይቂያለሽ?"

በውሸቴ የተቀጣሁ መሰለኝ። ያን ዕለት እህል አልቀመስኩም። እናቴ "ሆድሽን ነው?" እያለች ጦስኝ አፈላችልኝ። ሰናይት ደውላ ስለ ቀሚሷ ስታወራኝ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ ሰማኋት። ስልኩን ልትዘጋ ስትል "ሁሉ ነገር ጎደለ ብዬ ስጨነቅ ያባቢ ድምፅ እንዳለ ትዝ ይለኝና እረጋጋለሁ" አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፊቴን በትራስ ሸፍኜ አለቀስኩ።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ብርሃኑ "ቀጥያለሁ፣ ከሰዓት እናያለን" አለኝ። የቀትሩን የዙህር ሶላት ሱቄ ውስጥ ስሰግድ ስንት ዙር፣ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ጠፋኝ። ምንጣፉን ሳጥፍ ጋሽ ዘለቀ በሩ ላይ ቆመዋል። አዲስ የተላጨው አገጫቸው ያበራል። ተቀመጡ። አልጻፉም። ጠበቁኝ።

ሌላ ውሸት እያሰናዳሁ ነበር። አፌን ስከፍት ግን እውነቱ ወጣ።

"ጋሼ፣ ዲስኩን አጥፍቼዋለሁ።"

አልተንቀሳቀሱም። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፍላሹን፣ ስሙን ሳላይ መጻፌን፣ ሌላ ቅጂ እንደሌለ፣ ብርሃኑን። እርሳሳቸውን አነሱ። እጃቸው ደብተሩ ላይ ቆየ።

"ሁሉም?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"ምርቃቱስ?"

"አላውቅም።"

ደብተሩን ዘጉ። ተነሱ። ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ በሩ ሄዱ። መሄዳቸው ነው፤ ሄደው ለሰናይት ሊነግሯት ነው ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዞረው በእጃቸው ጠሩኝ። ተነሺ፣ እንሂድ ነው።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አራት ኪሎን ስናልፍ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

"ትናንት እንደዋሸሽ አውቄያለሁ። የጫማ ሻጩ አምፖል በርቶ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

ትንሽ አሰብ አድርገው ጻፉ። "ከዝምታ ሌላ ምን አለኝ?" ይላል። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያለ ድምፅ እየሳቁ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ አልቻልኩም።

ብርሃኑ ጋሽ ዘለቀን ሲያይ ደንግጦ ተነሳ፤ ወንበሩን ሰጣቸው። ግልባጩ አልቋል። ከዲስክ ላይ የጠፋ ነገር የሚፈልግ ቴስትዲስክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ከፍቶ ግልባጩን ያስፈትሸዋል። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ቁጥር እየቆጠረ ይሄዳል። ሦስታችንም ዓይናችንን ቁጥሩ ላይ ተከልን። ከውጭ የታክሲ ረዳት ይጮሃል፤ ውስጥ ግን የጋሽ ዘለቀ ትንፋሽ ብቻ፣ በስካርፉ ሥር እንደ ፉጨት ይሰማል።

"የዚህ ዓይነቱ ዲስክ የመጀመሪያ ገጹን ቅጂ መጨረሻው ላይ ያስቀምጣል" አለ ብርሃኑ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። "እሱ ከተገኘ ማውጫው የት እንደነበር ይነግረናል።"

ቁጥሩ ቆመ። አንዲት አረንጓዴ መስመር ወጣች። ብርሃኑ ሁለት ቁልፍ ተጫነና ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

"ማውጫው አለ" አለ። "ለጥቂት ነው ያመለጠው። ትንሽ ዘግይተሽ ነቅለሽው ቢሆን..." አልጨረሰውም።

የፋይሎቹ ስም ወጣ። ዘለቀ አንድ። ዘለቀ ሁለት። ዘለቀ ሦስት። ዘለቀ አራት።

"ስሙ መኖሩ ውስጡ አለ ማለት አይደለም" አለ ብርሃኑ ቶሎ ብሎ፣ ፊቴን አይቶ። ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ አወጣቸው። የመጀመሪያውን ከፈተ።

ሽሽሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ። ወደፊት አስኬደው። ሽሽሽሽ። እስከ መጨረሻው ድረስ ሌላ ነገር የለውም።

ሁለተኛውን ከፈተ። እሱም ያው ነው። ጋሽ ዘለቀ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብርሃኑ ወደፊት፣ ወደፊት አስኬደውና ከመሃል ላይ በድንገት ያ ሻካራ ድምፅ "...አጥር ዘለን ስንገባ..." ብሎ ክፍሉን ሞላው። ሁላችንም ዘለልን።

"አራተኛውን!" አልኩ። "አራተኛውን ክፈተው!"

ከፈተው። መጀመሪያ ጸጥታ። ወንበር ሲንቋቋ። ጉሮሮ ሲጠረግ። ከዚያ፦

"ሰናይት ልጄ። ይህን ስትሰሚ እኔ አጠገብሽ ቆሜ ዝም እላለሁ። ዝምታዬን ቁጣ እንዳይመስልሽ..."

ጋሽ ዘለቀን አየኋቸው። ከንፈራቸው ከድምፁ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። እያንዳንዱን ቃል፣ እያንዳንዱን ፋታ ሳይስቱ አብረው ይናገራሉ፤ ድምፁ ግን ከእሳቸው አይወጣም፣ ከስክሪኑ ሥር ከተቀመጠች ትንሽ ስፒከር ነው የሚወጣው። ምርቃቱ እስኪያልቅ እንዲሁ ሆኑ። ሲያልቅ ስካርፋቸውን አስተካክለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር።

ሦስተኛውም ደህና ነበር። ሁለተኛው ግማሹ ተረፈ። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ቀድሞ የገባው ከፊት ተቀምጦ ስለነበር ነው አለ ብርሃኑ፤ የተጻፈበት እሱ ላይ ነው።

ጋሽ ዘለቀ ጻፉ። "የመጀመሪያው ላይ ምን ነበር?"

"የእድሩ ጥሪ፣ ጋሼ። ጥሩምባውና ልፈፋው።"

እርሳሱን ለረጅም ጊዜ አሽከረከሩት። በመጨረሻ ጽፈው ሰጡኝ። "እሱ የሞት ወሬ ነው። ቢጠፋም ግድ የለም።" ይህን ሲጽፉ ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

ብርሃኑ ያኔውኑ በሦስት ቦታ ገለበጠልን። አንዱን ለጋሽ ዘለቀ ሰጠ፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን እሱ ጋ አስቀረ። "እያንዳንዱን ከፍታችሁ እስክትሰሙ ከዚህ አትወጡም" አለ። አንድ በአንድ ከፍተን ሰማን።

እሁድ ዕለት ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ፍላሽ ይዤ ሠርጉ አዳራሽ በር ላይ ቆምኩ። ሙዚቃ አጫዋቹ ቁልፉን እስኪጫን ድረስ መተንፈሴን አላስታውስም። ድምፁ አዳራሹን ሲሞላ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ሰናይት የአባቷን እጅ ይዛ ቆመች። ለእሷ የነገርኳት ከሠርጉ በኋላ ነው። ለአንድ ወር ያህል አላናገረችኝም፤ መብቷ ነው። ከዚያ መጣች።

ሰፈራችን ዛሬ ተበትኗል። አንዳንዴ ድሮ ጎረቤት የነበረ ሰው ከሩቅ ሰፈር ደውሎ "የጋሽ ዘለቀ ልፈፋ አንቺ ጋ አለ አሉ፣ ላኪልኝ" ይለኛል። አሁን አልዋሽም። ነበር፣ እኔ አጠፋሁት እላለሁ። ከዚያ በኋላ በስልኩ ውስጥ የሚመጣው ዝምታ አይለመድም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከመካከላችሁ ሊኑክስ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ይህን ሰምታችሁ እንድትሸሹት አልፈልግም። እኔ ዛሬም የምሠራው በእሱ ነው። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ያዘዝኩትን ነው የፈጸመው። ነገር ግን ዲስክ ላይ የሚጽፍ ትእዛዝ ልትሰጡ ስትሉ መጀመሪያ lsblk ብላችሁ ጻፉ። የተሰካውን ሁሉ ከነመጠኑ ይዘረዝርላችኋል። አምስት መቶ ጊጋ የሚል ነገር ያቺ የኔ ትንሽ ፍላሽ ልትሆን አትችልም፤ እኔ ያን ዕለት አንዴ ብመለከት ኖሮ በቂ ነበር። ከዚያም በላይ፣ የማትነኩትን ነገር ንቀሉት። ያልተሰካ ዲስክ አይጠፋም። ትእዛዙን በቃላችሁ ማወቃችሁ አያኩራችሁ፤ መጫኛ ፍላሽ የሚያዘጋጁ፣ የዲስኩን ስምና መጠን አሳይተው "ይሄኛውን ነው?" ብለው የሚጠይቁ ፕሮግራሞች አሉ። እኔ አሁን በእነሱ ነው የምጠቀመው፤ አላፍርበትም። ከኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ትእዛዝም እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሚሠራ ሳታውቁ አትለጥፉ።

ከሆነባችሁ ደግሞ፣ ማናችንም ላይ ይሆናል፣ እጃችሁን አንሱ። ንቀሉት። በድንጋጤ የምትሞክሩት ነገር ነው የተረፈውንም የሚያጠፋው። የምታውቁት ሰው ጋ ውሰዱት፤ የነካችሁትንም ያልነካችሁትንም ሳትደብቁ ንገሩት።

ሱቄ አሁን ሌላ ቦታ ነው። ሰው ፍላሽ ሲሰጠኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ "ይህ ከዚህ ሌላ የት አለ?" "የለም" ካሉኝ ሥራውን አልጀምርም፤ መጀመሪያ ቅጂ አወጣለሁ፣ ቅጂውን ከፍቼ አያለሁ። አንዳንዱ ይሰለቻል፤ "ምን ያስፈራሻል ዘሀራ?" ይለኛል። ሳቅ ብዬ አልፈዋለሁ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ያቺ ሐሙስ አልለቀቀችኝም፤ እንድትለቀኝም አልፈልግም። ኢንተር ልመታ ስል እጄን የምትይዘኝ እሷ ናት።